የሒሳብ ወጌሻው አል-ኸዋሪዝሚ

የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ አምዳችን በዚህ እትም ወደ ሒሳብ ክፍል ይገባል። እባካችሁ ሒሳብ የሚለውን አይታችሁ ገጹን እንዳትገልጡት! እኔ ራሴ ዓምና ቢሆን ኖሮ ቶሎ ብዬ እገልጠው ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እስከ 6ኛ ክፍል ድረስ በሒሳብ ጎበዝ ነበርኩ። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈል፣ ክፍልፋይ፣ ሁሉም ይቀለኝ ነበር። 7ኛ ክፍል ስገባ ግን ጉድ መጣ። ሰሌዳው ላይ በቁጥሮቹ መሃል ኤክስ የሚባል ፊደል ገብቶ ቁጭ አለ። እንዴ፣ ፊደል ከቁጥር ጋር ይደመራል እንዴ? ብዬ ግራ ተጋባሁ። ለመጠየቅ ደግሞ አፈርኩ። የመጀመሪያው ፈተና ሲመለስ ከ10 ያገኘሁት 3 ነበር። ወረቀቱን አጣጥፌ የደብተሬ ሽፋን ውስጥ ደበቅሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጄን ማውጣት ተውኩ። ለቅርብ ጓደኛዬ ሒሳብ የእኔ ነገር አይደለም ብዬ ነገርኳት። እሷም የእኔም አይደለም አለችኝ። ሁለታችን ተያይዘን ኋላ ወንበር ሄድን።

ከተሳሳትኳቸው ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነበር፦ 8 + 4 = ባዶ ሳጥን + 5። ሳጥኑ ውስጥ 12 ብዬ ጻፍኩ። የክፍላችን ግማሽ ልጅም 12 ብሎ ነው የጻፈው። የሒሳብ መምህራችን አልተቆጡም። ስድስት ዓመት ሙሉ የእኩል ይሆናል ምልክትን ስናይ ስንት መጣ ማለት ነው ብለን ለምደናል አሉ። ለካ ትርጉሙ ሌላ ነው። ምልክቱ የገበያ ሚዛን ነው። በግራ በኩል ያለው 12 ከሆነ በቀኝ በኩል ያለውም 12 መምዘን አለበት። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ ያለው 7 ነው፤ 7 እና 5 ሲደመሩ 12 ይሆናሉና። በቃ! ይህን ያህል ቀላል ነበር። ከዚያ ቲቸር ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ከ1,200 ዓመት በፊት የኖረ የአንድ ሰው ታሪክ ነገሩን። እኔም ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ሰው ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ። ያነበብኩትን እነሆ ላካፍላችሁ።

ሰውየው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ይባላል። የተወለደው በፈረንጆች አቆጣጠር በ780 ገደማ ነው። አል-ኸዋሪዝሚ ማለት የኸዋሪዝም ሰው ማለት ነው። ኸዋሪዝም ከአራል ባሕር በስተ ደቡብ ያለ አገር ሲሆን ዛሬ በኡዝቤኪስታንና በቱርክሜኒስታን ውስጥ ይገኛል። እዚያ ኺቫ በምትባል ጥንታዊ ከተማ ዛሬ ሐውልቱ ቆሟል።

አል-ኸዋሪዝሚ ትልቁን ሥራውን የሠራው በባግዳድ ነው። ባግዳድ በ762 በጤግሮስ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። በእሱ ዘመን በዓለም ላይ ካሉ ታላላቅ ከተሞች አንዷ ሆና ነበር። ነጋዴው ከሕንድ ይመጣል፣ ከቻይና ይመጣል፣ ከግብፅ ይመጣል። ወረቀት መሥራትም ወደ ከተማዋ ከገባ ብዙ አልቆየም ነበር። ወረቀት ሲገኝ ደግሞ መጽሐፍ ይበዛል።

ከ813 እስከ 833 ድረስ የገዛው ኸሊፋ አል-ማእሙን ዕውቀት የሚወድ ንጉሥ ነበር። በባግዳድ የጥበብ ቤት የሚባል የመጻሕፍትና የምሁራን ማዕከል ነበር፤ አል-ማእሙን ይህን ቤት በጣም ደገፈው። በዚያ ዘመን በባግዳድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ከሩቅ አገር የመጣውም ሁሉ የግሪክን፣ የፋርስንና የሕንድን መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ይተረጉም ነበር። አል-ኸዋሪዝሚም ከእነዚህ ምሁራን አንዱ ነበር። ሒሳብ ብቻ አይደለም የሠራው፤ ከዋክብትንም፣ የቀን አቆጣጠርንም፣ መልክዓ ምድርንም አጥንቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በአል-ማእሙን ዘመን አል-ኸዋሪዝሚ አንድ መጽሐፍ ጻፈ። የመጽሐፉ ርዕስ ረጅም ነው፤ ባጭሩ ስለ አል-ጀብር እና አል-ሙቃበላ ስሌት የሚል ነው። አልጀብራ የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ርዕስ ነው። በጣም የገረመኝ ግን መጽሐፉን ለማን እንደጻፈው ሳውቅ ነው። ለሊቆች ብቻ አልነበረም። ውርስ ለሚካፈሉ፣ ለሚነግዱ፣ ፍርድ ቤት ለሚካሰሱ፣ መሬት ለሚለኩ፣ ቦይ ለሚቆፍሩ ሰዎች እንዲጠቅም ነው የጻፈው። የመጽሐፉ ግማሽ ያህል ስለ ውርስ ክፍፍል ነው።

ሌላም የገረመኝ ነገር አለ። በመጽሐፉ ውስጥ ኤክስ የሚባል ነገር የለም! የመደመር ምልክት የለም፣ የእኩል ይሆናል ምልክትም የለም። ሁሉም በቃላት ነው የተጻፈው። የእኩል ይሆናል ምልክትን ሮበርት ሬኮርድ የሚባል የዌልስ ሰው ያመጣው በ1557 ነው። ኤክስን ላልታወቀ ቁጥር መጠቀምን ያስለመደን ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት ሲሆን እሱም በ1637 ባወጣው መጽሐፍ ነው። ታዲያ አል-ኸዋሪዝሚ ያልታወቀውን ቁጥር ምን አለው? ሸይእ አለው። ሸይእ በዐረብኛ ነገር ማለት ነው።

ቲቸር ይህን ሲነግሩን እኛ ዕቃ ስሙ ሲጠፋብን ምን እንደምንል ጠየቁን። ክፍሉ በሙሉ እንትን! ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ በሳቅ ፈረሰ። እውነት ነው እኮ። እናታችን እንትኑን አምጪልኝ ስትለን እንትኑ ምን እንደሆነ ከሌላው ንግግር እናውቃለን። ማንኪያም ይሁን መጥረጊያ፣ ፈልገን እናመጣለን። ኤክስም እንትን ነው። ስሙን ገና አናውቀውም፤ ግን አለ። ከጎኑ ያሉትን ቁጥሮች እያየን ፈልገን እናመጣዋለን። እኔ ኤክስን መፍራት ያቆምኩት የዚያን ቀን ነው።

አሁን ስለ ሁለቱ ቃላት ልንገራችሁ፤ አል-ጀብር እና አል-ሙቃበላ ስለሚባሉት።

አል-ጀብር ማለት መጠገን፣ የጎደለውን መመለስ ማለት ነው። በዐረብኛ የተሰበረ አጥንት መጠገንም በዚሁ ቃል ይጠራል። ቃሉ ወደ ስፔን ሲሄድ አልጀብሪስታ የሚባል ሆኖ አጥንት የሚጠግን ሰው መጠሪያ ሆነ። እኛ ወጌሻ የምንለው ማለት ነው! ታናሽ ወንድሜ ኳስ ሲጫወት ወድቆ እጁ ሲወልቅ የሰፈራችን ወጌሻ መልሰው ሲያስገቡለት አይቻለሁ። ከቦታው የወጣውን ወደ ቦታው መለሱት። የሒሳቡም ወጌሻ የሚሠራው ይህንኑ ነው። 

አንድ ምሳሌ እኔ ራሴ አውጥቻለሁ፤ አሠራሩ ግን የእሱ ነው። አንድ አባት 100 ዲናር ትተው ሞቱ እንበል። አራት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ለአንድ ችግረኛ ጎረቤታቸው ደግሞ የአንድ ልጅ ድርሻ ያህል፣ ግን 10 ዲናር ተቀንሶ ይሰጠው ብለው ተናዘዋል። እያንዳንዱ ልጅ ስንት ያገኛል? የአንዱን ልጅ ድርሻ እንትን እንበለው። አራቱ ልጆች 4 እንትን ይወስዳሉ። ጎረቤትየው አንድ እንትን ሲቀነስ 10 ይወስዳል። ሲደመር 5 እንትን − 10 = 100 ይሆናል። አያችሁት? ይህ 5 እንትን 10 ጎድሎበታል፤ ተሰብሯል። እንጠግነው! በግራ በኩል 10 እንመልስለታለን። ሚዛኑ እንዳያጋድል በቀኝ በኩልም 10 እንጨምራለን። 5 እንትን = 110 ሆነ። ስለዚህ አንዱ እንትን 22 ነው። እያንዳንዱ ልጅ 22 ዲናር ያገኛል፤ ጎረቤቱ 12 ያገኛል። እንፈትሽ፦ 22 አራት ጊዜ 88 ነው፣ 12 ሲጨመር 100። ልክ ነው! ሳይጣሉ ተካፈሉ።

አል-ሙቃበላ ደግሞ ፊት ለፊት ማገናዘብ፣ ማመዛዘን ማለት ነው። በሚዛኑ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ነገር ካለ ከሁለቱም ላይ እኩል እናነሳለን። ለምሳሌ 5 እንትን + 8 = 3 እንትን + 20 ቢሆን፣ ከሁለቱም ወገን 3 እንትን እናንሳ። 2 እንትን + 8 = 20 ይቀራል። አሁን ከሁለቱም ወገን 8 እናንሳ። 2 እንትን = 12። እንትን 6 ነው። እኔ ድሮ ቁጥሩ ወደ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል የሚለውን ብቻ ነበር የምሸመድደው። ለምን እንደሚቀየር አላውቅም ነበር፤ ስለዚህ ሁልጊዜ እረሳዋለሁ። ለካ ምንም ነገር ወደ ማዶ አይሻገርም! ከሁለቱም ጎን እኩል መጨመር ወይም እኩል መቀነስ ብቻ ነው።

የዚያን ቀን ማታ ቤት ስገባ እናቴ የቀኑን ሽያጭ ትቆጥራለች። እናቴ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ የተማረችው እስከ 4ኛ ክፍል ነው። ከረጢቷ ውስጥ 1,350 ብር ነበር። ጠዋት ለመልስ ብላ ይዛ የወጣችው 150 ብር ነው። ኪሎውን በ60 ብር ነው የሸጠችው። ስንት ኪሎ እንደሸጠች ማወቅ ፈለገች። ወረቀት ሳትይዝ 150ውን አነሳች፤ 1,200 ቀረ። ለ60 አካፈለች፤ 20 ኪሎ አለች። አፌን ከፍቼ አየኋት። 60 እንትን + 150 = 1,350! እናቴ አልጀብራ ስትሠራ ኖራለች፤ ስሙን ማንም አልነገራትም እንጂ። አል-ኸዋሪዝሚም መጽሐፉን የጻፈው እንደ እናቴ ላሉ ሰዎች ጭምር መሰለኝ። ያን ጊዜ የደበቅሁትን ወረቀት አውጥቼ አሳየኋት። አልተቆጣችም። የሚቀጥለውን አብረን እንሠራዋለን አለችኝ።

አል-ኸዋሪዝሚ እንትን በራሱ ሲባዛ ለሚመጡት ከበድ ያሉ ጥያቄዎችም መንገድ አሳይቷል። ጥያቄዎችን በስድስት ዓይነት ከፍሎ ለእያንዳንዱ መፍቻውን በቅደም ተከተል አስቀመጠ። ከዚያም ትክክል መሆኑን በሥዕል አስረዳ። በጣም የታወቀው ጥያቄው ይሄ ነው፦ አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ፣ የዚያው ቁጥር 10 እጥፍ ቢጨመርበት 39 ይሆናል። ቁጥሩ ስንት ነው?

እስቲ እርሳስ አንሱና አብረን እንሳል። መጀመሪያ ጎኑ እንትን የሆነ ካሬ ሳሉ። 10ሩን እጥፍ ለሁለት ክፈሉትና ስፋታቸው 5 የሆነ ሁለት አራት ማዕዘኖች አድርጉት። አንዱን ከካሬው በስተቀኝ፣ አንዱን ከካሬው በታች አጣብቁ። የሦስቱ ስፋት ድምር 39 ነው። ግን ሥዕሉ ሙሉ ካሬ አልሆነም፤ ማዕዘኑ ላይ ጎድሏል። የጎደለው 5 በ5 ነው፤ ማለትም 25። እንጠግነው! 39 + 25 = 64። አሁን ትልቅ ሙሉ ካሬ ሆነ። 64 የሚሆነው 8 በ8 ሲባዛ ስለሆነ የትልቁ ካሬ ጎን 8 ነው። ከዚያ ላይ የጨመርነውን 5 ስናነሳ 3 ይቀራል። እንትን 3 ነው። ፈትሹት፦ 3 በ3 ሲባዛ 9፣ 10 ጊዜ 3 ደግሞ 30፣ ሲደመር 39። ይህ የ9ኛ ክፍል ትምህርት ነው ብለው ትልልቆቹ ያስፈራሩናል፤ ግን ካሬ መሳል የሚችል ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል።

የአል-ኸዋሪዝሚ ውለታ በዚህ አያበቃም። ከሕንድ ስለመጡት ቁጥሮችም መጽሐፍ ጽፏል። ዘጠኝ ቁጥሮችና አንድ ዜሮ ይዘን የፈለግነውን ያህል ትልቅ ቁጥር መጻፍ የምንችልበት አጻጻፍ ነው። ዜሮ ባይኖርስ? የእኛ የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። ለገጽና ለቀን መጻፊያ ቆንጆ ነው፤ ግን ፵፯ን በ፴፮ እስቲ በግዕዝ ቁጥር ብቻ አባዙት። ምን ያህል እንደሚያታክት ታያላችሁ። ይህ የአል-ኸዋሪዝሚ መጽሐፍ ወደ ላቲን ሲተረጎም ስሙ ወደ አልጎሪዝሚ ተለወጠ። ዛሬ ኮምፒዩተርና ስልክ የሚሠሩበት ቅደም ተከተል አልጎሪዝም የሚባለው ከእሱ ስም ተወስዶ ነው። አስቡት፣ አንድ ሰው ሁለት ቃል ለዓለም ሰጠ፤ አልጀብራ ከመጽሐፉ፣ አልጎሪዝም ከስሙ።

በ833 ደግሞ የምድርን ገጽታ የሚያሳይ መጽሐፍ አጠናቀቀ። ከ2,400 በላይ ከተሞችን፣ ተራሮችን፣ ባሕሮችንና ሌሎች ቦታዎችን በኬክሮስና በኬንትሮስ ለይቶ አስቀምጧል። ከእሱ በፊት ግሪካዊው በጥሊሞስ የሠራውን ተከትሎ ነው የሠራው፤ ስህተት ያገኘበትን ግን አስተካክሏል። ፈረንሳይ አገር ስትራስቡርግ በሚገኘው የመጽሐፉ ቅጂ ውስጥ ካሉት ካርታዎች አንዱ የናይል ወንዝ ካርታ ነው። ዓባያችን የሚገባበት ወንዝ ማለት ነው! ይህን ሳነብ ደስ አለኝ።

አል-ኸዋሪዝሚ ያረፈው በ850 ገደማ ነው። ሥራው ግን አልሞተም። በ1145 ሮበርት የሚባል የቼስተር ሰው ስፔን አገር ሴጎቪያ ከተማ ሆኖ የአልጀብራውን መጽሐፍ ወደ ላቲን ተረጎመው። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓ ተማሪዎች አልጀብራን ከዚሁ መጽሐፍ ተማሩ። ባግዳድ በ1258 በሞንጎሎች ተወርራ ብዙ መጻሕፍት ጠፉ። የአልጀብራው መጽሐፍ ግን ተረፈ። ለምን ተረፈ? ሰዎች በእጃቸው ስለገለበጡት ነው። በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ የሚገኘው የዐረብኛ ቅጂ የተጻፈው በ1342 ነው፤ እሱ ከሞተ ወደ 500 ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። አንድ ሰው ብዕር ይዞ፣ ቀለም እየነከረ፣ ልክ እንደኛ መጽሔት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጁ ጻፈው።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ይህን ገጽ በቆንጆ እጅ ጽሑፏ የምትገለብጥልን ያቺ ከእኔ ጋር ኋላ ወንበር የሄደችው ጓደኛዬ ናት። እኔ አሁን 8ኛ ክፍል ፊተኛው ወንበር ላይ ነኝ። አንደኛ አልወጣሁም፤ ግን ባለፈው ፈተና ከ10 8 አግኝቻለሁ፣ እጄንም አወጣለሁ። እሷ ግን አሁንም ኋላ ናት። ሚኒስትሪ እየደረሰ ነው፤ ሒሳብን ዝም ብላ ልትገምት እንዳሰበች ነግራኛለች። አስፈቅጄአት ነው ይህን የጻፍኩት። እንግዲህ ይህን ሁሉ በእጇ ስትገለብጥ ሳትወድ በግድ ውርስ አካፍላለች፣ ሽንኩርት ሸጣለች፣ ካሬ ጠግናለች። የሚቀረው ወንበር መቀየር ብቻ ነው። ጎኔ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ይዤልሻለሁ።

ለ7ኛ ክፍል ታናናሾቻችንም የምለው አለኝ። ኤክስን ስታዩ አትደንግጡ። እንትን በሉት። እኩል ይሆናል የሚለውን ሚዛን በሉት። የጎደለውን ጠግኑ፣ የተመሳሰለውን ከሁለቱም በኩል እኩል አንሱ፣ በመጨረሻም መልሳችሁን ፈትሹ። ያልገባችሁን ደግሞ ሳታፍሩ ጠይቁ፤ እኔ ባለመጠየቄ ብዙ ሳምንት ከስሬአለሁ። ለውድ መምህራኖቻችን ደግሞ ምስጋናችን የላቀ ነው። ሕጉን ከመስጠታችሁ በፊት ለምን እንደሆነ ስትነግሩን ይበልጥ ይገባናል።

በመጨረሻም የእትሙ ጥያቄ፦ አንድ እረኛ ያሉት በጎች ቁጥር ሦስት እጥፍ ሆኖ 7 ቢቀነስበት፣ ከበጎቹ ቁጥር 13 ሲጨመርበት ከሚሆነው ጋር እኩል ነው። እረኛው ስንት በጎች አሉት? መልሱን ከነአሠራሩ ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ ጨምሩ። መልሱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደጠገናችሁት ማየት እንፈልጋለን። ትክክል የመለሱትን ስም በሰልፍ ላይ እናነባለን።

በሚቀጥለው እትም በሌላ ታላቅ ሰው ታሪክ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!

ከ8ኛ ክፍል የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል